«እኛ» ሲል ማንን ነው? የመብት ትግል ንግግሮችንና ግጥሞችን ስለማስተማር

(መግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅት አሜሪካ ውስጥ ልጅ ለምታሳድጉ ወላጆች፣ ለመምህራን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለእናንተ ለተማሪዎቹ የተሰናዳ ነው። ጃንዋሪ ላይ የማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ ቀን ይመጣል፤ ወዲያው የጥቁሮች ታሪክ ወር የሚባለው ፌብሩዋሪ ይተካል። ያኔ ልጆች ከትምህርት ቤት ይዘውት የሚመጡት ወረቀት ከዓመት ዓመት ብዙም አይለያይም። ከላይ የኪንግ ንግግር ታትሟል፤ ከሥሩ «ተናጋሪው የተጠቀመባቸውን የንግግር ስልቶች ለይታችሁ አውጡ» የሚል ትእዛዝ አለ።

ተማሪው ሃይላይተሮቹን ይደረድራል። ቢጫው ለተአማኒነት፣ ሮዙ ለስሜት፣ አረንጓዴው ለአመክንዮ። ኢቶስ፣ ፓቶስ፣ ሎጎስ እየተባሉ የሚጠሩት፣ ከአርስቶትል የተወረሱት ሦስቱ የማሳመኛ መንገዶች መሆናቸው ነው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ወረቀቱ ጥለት ይመስላል። «ታዲያ ይህ ንግግር ያን ሁሉ ሰው ያነቃነቀው ለምንድን ነው?» ብላችሁ ስትጠይቁት ግን «ድግግሞሽ ስላለው» ይላችኋል። ድግግሞሽማ ሎተሪ አዟሪም አያጣም።

ልጁ ላይ አልፈርድም። የተጠየቀውን ነው የመለሰው። እኔ ግን የስልቶቹ ስም ቢቆየን፣ መጀመሪያ ሌላ ነገር ብንጠይቅ ይሻላል ባይ ነኝ። ተናጋሪው «እኛ» ሲል እነማንን ነው? ፊት ለፊቱስ የቆመው ማን ነው? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ይዘን ሁለት ሦስት ንግግሮችንና ሁለት ግጥሞችን እንይ። ዓመታቱን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራቸው።

ኦገስት 28 ቀን 1963፣ ዋሽንግተን ዲሲ፣ የሊንከን መታሰቢያ ደረጃዎች። ወደ 250,000 የሚገመት ሕዝብ ተሰብስቧል። ብዙ ሰው የሚረሳው አንድ ነገር አለ፤ የሰልፉ ሙሉ ስም «የሥራና የነጻነት ሰልፍ» ነበር። ሥራ የሚለው ቃል ከነጻነት ቀድሞ ነው የተጻፈው። ይህን የማያውቅ ተማሪ፣ ኪንግ ንግግራቸው ገና ሳይሞቅ ስለ ባንክና ስለ ቼክ ማውራታቸው ግራ ያጋባዋል። ሰባኪ ናቸው፤ የቆሙት ከሊንከን ሐውልት ሥር ነው፤ ቼክ ምን አመጣው?

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ኪንግ የሚሉት በጥቅሉ ይህ ነው፤ የአሜሪካ መሥራቾች የነጻነት አዋጁንና ሕገ መንግሥቱን ሲጽፉ የተስፋ ሰነድ ፈርመዋል። ሰነዱ ለማንኛውም ዜጋ እንዲከፈል የተፈረመ ነው። ለጥቁሩ ዜጋ የተሰጠው ግን ደረቅ ቼክ ሆኖ ተመልሷል። አሁን ሰልፈኛው ወደ ዋና ከተማው የመጣው ያንን ቼክ ሊመነዝር ነው።

ተማሪው «ተለዋጭ ዘይቤ» ብሎ በሃይላይተር አልፎታል። ልክ ነው፤ ዘይቤ ነው። ግን ምን ሠራ? ከዚያ አንቀጽ በፊት በብዙ ነጭ አሜሪካዊ ዓይን ጥቁሩ ሰልፈኛ ጠያቂ ነው፤ ችሮታ ፈልጎ የመጣ፣ ትዕግሥት ያጣ፣ ምናልባትም የሚያስፈራ ሰው ነው። ከዚያ አንቀጽ በኋላ ባለገንዘብ ሆኗል። ማፈር ያለበት ባለዕዳው ነው። ባለገንዘብ ሲጠይቅ ድምፁን ዝቅ አያደርግም፤ «ቆይ፣ ቀስ በል» የሚለውንም ሰው አይሰማም። ንግግሩ ወዲያው ጊዜው አሁን ነው ወደሚለው ክፍል የሚሸጋገረውም ለዚህ ነው። ዕዳው የመቶ ዓመት ነው፤ ሊንከን የባሪያ ነጻነት አዋጁን በሥራ ላይ ያዋሉት ጃንዋሪ 1 ቀን 1863 ነበር።

የቼኩ ሐሳብ ከየት እንደመጣም ማወቅ ለተማሪ ይጠቅማል። ረቂቁን ካዘጋጁት አንዱ የኪንግ ጠበቃና አማካሪ ክላረንስ ጆንስ ነበሩ። ጆንስ በኋላ እንደተረኩት፣ በዚያው ዓመት ፀደይ በበርሚንግሃም የታሰሩ ሰልፈኞችን በዋስ ለማስፈታት ከሮክፌለር ቤተሰብ ባንክ ገንዘብ ሲቀበሉ የተስፋ ሰነድ ፈርመዋል። ዘይቤው ገና ወረቀት ላይ ሳይወጣ የአንድ ሰው እጅ ፈርሞበት ነበር ማለት ነው።

አሁን «እኛ»ን እንከተል። ቼኩን ሊመነዝር የመጣው «እኛ» ጥቁሩ ሕዝብ ነው። ወረድ ስትሉ ኪንግ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ለሕዝቤ የምለው ነገር አለኝ ብለው የራሳቸውን ወገን ይመክራሉ። መራርነት እንዳያሸንፋችሁ፣ ትግሉን በክብር ምሩት፣ ነጭን ሁሉ በጅምላ አትጠርጥሩ ይላሉ። ይህ ክፍል መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ብዙ ጊዜ ተቆርጦ ይወጣል፤ እንደኔ ግን እጅግ ብልህ የሆነው ቦታ እዚህ ነው። ምክሩ ለሰልፈኛው ነው፤ በቴሌቪዥን ይመለከት የነበረው ኮንግረስና ዋይት ሐውስም ግን ምክሩ ሲሰጥ እየሰማ ነው። የሲቪል መብቶች ረቂቅ ሕግ ገና ድምፅ አልተሰጠበትም። ልጅን እንግዳ ፊት እንደመምከር ያለ ነው፤ ግማሹ ቃል ለልጁ፣ ግማሹ ለእንግዳው። ከዚያ ደግሞ ከእስር ቤት በቀጥታ ወደዚያ የመጡትን ሰዎች «እናንተ» ብለው ለይተው ያነጋግሯቸዋል። መጨረሻ ላይ ያለው «እኛ» ጥቁሩንም ነጩንም፣ አይሁዱንም፣ ፕሮቴስታንቱንም ካቶሊኩንም እጅ ለእጅ ያያይዛል። በ17 ደቂቃ ውስጥ አንዲት ቃል ከአንድ ወገን ተነስታ አገር አከለች። ተማሪው ይህን በእርሳስ እየከበበ ቢያገኘው የሦስት ቀለም ሃይላይተር አያስፈልገውም።

«ሕልም አለኝ» ስለሚለው ክፍልም አንድ ነገር ልበል፤ ምክንያቱም «ያለ ዝግጅት ድንገት የመጣላቸው ነው» እየተባለ ይወራል። እውነት ነው፣ ለዚያ ቀን በተዘጋጀው ጽሑፍ ላይ አልነበረም። ዘማሪዋ ማሃሊያ ጃክሰን ከኋላ ሆና ስለ ሕልሙ እንዲነግሯቸው ጮኸችባቸው፤ እሳቸውም ወረቀቱን ትተው ገቡበት። ድንገቴ ግን አልነበረም። በኖቬምበር 1962 ሮኪ ማውንት፣ ኖርዝ ካሮላይና ላይ ተናግረውታል፤ በጁን 1963 ዲትሮይት ላይም ደግመውታል። እንዲያውም አማካሪያቸው ዋያት ቲ ዎከር ዋዜማውን «ያ የሕልም ነገር ተደጋግሟል፣ ተዉት» የሚል ምክር ሰጥተው ነበር። ሰባኪ ስብከቱን በየመንደሩ እየዞረ ያሻሽላል፤ የቱ ቃል ምእመኑን እንደሚያስነሳ የሚያውቀው በመቅደሱ እንጂ በጽሕፈት ጠረጴዛው ላይ አይደለም። የትንቢተ አሞጽ ምዕራፍ 5ና የኢሳይያስ ምዕራፍ 40 ቃል ምንጩ ሳይጠራ ንግግሩ ውስጥ የገባውም በዚሁ መንገድ ነው። ቤተ ክርስቲያን ያደገ ልጅ ጥቅሱ ሲመጣ ጆሮው ይቆማል፤ ሌላው ቃሉ ጥንታዊ መሆኑ ብቻ ይሰማዋል። ሁለቱ የሚሰሙት እኩል አለመሆኑን ክፍል ውስጥ አንስቶ መወያየት ጥሩ ነው። ንግግሩን ከማንበብ በፊት ማዳመጥ የሚባለውም ለዚህ ነው፤ የሕዝቡ አጸፋ ወረቀቱ ላይ የለም።

በዚያው ቀን፣ እዚያው መድረክ ላይ፣ የ23 ዓመቱ ጆን ሉዊስም ተናግረዋል። በአጭሩ ስንክ እየተባለ የሚጠራው የተማሪዎች ድርጅት ሊቀ መንበር ነበሩ፤ ከዕለቱ ተናጋሪዎች በዕድሜ ትንሹ። ለማስተማሪያ እሳቸውን የመሰለ የለም፤ ምክንያቱም ንግግራቸው ሁለት ቅጂ አለው። መጀመሪያ የጻፉት ረቂቅ የኬኔዲን መንግሥት የሲቪል መብቶች ረቂቅ ሕግ አንደግፍም የሚል ነበር፤ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ጆርጂያን አቃጥለው ያለፉትን የጄኔራል ሸርማንን ዘመቻ ጠቅሶ እኛም ደቡቡን እንዲሁ እናቋርጠዋለን ይላል። የዋሽንግተኑ ሊቀ ጳጳስ ኦቦይል ይህ ካልተነሳ የመክፈቻ ጸሎት አላደርስም አሉ። ሽማግሌው ፊሊፕ ራንዶልፍ፣ ይህን ሰልፍ ለማየት ዕድሜ ልካቸውን የደከሙት ሰው፣ ሉዊስን ለመኗቸው። ጽሑፉ እዚያው መታሰቢያው ውስጥ ተስተካከለ። የተነበበው ቅጂ ሕጉን በብዙ ቅሬታ እንደግፋለን ይላል፤ ሸርማን ወጥቶ ሰልፉ በፍቅርና በክብር መንፈስ እንደሚቀጥል የሚናገር ቃል ገብቷል።

ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ለተማሪ ስጡት። ምን ወጣ፣ ምን ገባ፣ ለማን ሲባል? የረቂቁ «እኛ» ደቡብ ውስጥ የሚደበደቡት ወጣቶች ናቸው። የተነበበው «እኛ» ሊቀ ጳጳሱንም አቅፎ መቆም ነበረበት። የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር ክፍሉን ሁለት ቦታ ቢከፍለው አትደንግጡ፤ እንዲያውም ደስ ይበላችሁ።

(አጭር ሙዚቃ)

ከዝግጅታችን ጋር ናችሁ። አሁን የምንሄደው ዘይቤ ፍለጋ ለወጣ ተማሪ «እዚህስ ምንም የለም» ወደሚያሰኝ ንግግር ነው። ኦገስት 22 ቀን 1964፣ አትላንቲክ ሲቲ፣ ኒው ጀርዚ፤ የዴሞክራቲክ ፓርቲ ጉባኤ። ሚሲሲፒ የላከችው ልዑክ በሙሉ ነጭ ስለነበር፣ የሚሲሲፒ ፍሪደም ዴሞክራቲክ ፓርቲ «ወንበሩ ለእኛ ይገባል» ብሎ ቀረበ። ለጉባኤው ኮሚቴ ከመሰከሩት አንዷ የጥጥ እርሻ ሠራተኛ የነበሩት ፋኒ ሉ ሄመር ናቸው።

ወይዘሮ ሄመር የሚጀምሩት በስማቸውና በአድራሻቸው ነው። ፍርድ ቤት እንደሚቀርብ ምስክር የቤታቸውን ቁጥር፣ መንገዱን፣ ከተማውን፣ አውራጃውን ይናገራሉ፤ ከዚያም ያው አውራጃ የእነማን ሴናተሮች አገር እንደሆነ ይጨምራሉ። እስቲ አስቡት፤ በስማቸው ፊት «ሚስስ» የሚለውን ማዕረግ ራሳቸው አስቀምጠዋል። በዚያን ጊዜ ደቡብ ውስጥ ነጩ ለጥቁር ሴት ይህን የአክብሮት መጠሪያ አይሰጥም ነበር፤ የልጅ ልጅ ያየችውንም ሴት በስሟ ነበር የሚጠራት። ሠራተኛዋን «አንቺ» እያለ፣ ራሱ «እርስዎ» እንዲባል የሚጠብቅ ቤት ያየ ሁሉ ነገሩ ይገባዋል። እኚህ ሴት በአገር ቴሌቪዥን ፊት ንግግራቸውን የከፈቱት ያንን ማዕረግ በገዛ እጃቸው ወስደው ነው። አድራሻውን መናገር ደግሞ ለነፍስ የሚያሰጋ ነገር ነበር፤ ማን እንደሆኑ ብቻ ሳይሆን የት እንደሚገኙም ነው የተናገሩት።

ከዚያ ታሪኩ በቀንና በቁጥር ይወርዳል። ኦገስት 31 ቀን 1962፣ አሥራ ስምንት ሰዎች ለመራጭነት ለመመዝገብ 26 ማይል ተጉዘው ኢንዲያኖላ ሄዱ። ሲመለሱ ፖሊስ አስቆማቸው፤ ሾፌሩ የአውቶቡሱ ቀለም ልክ አይደለም ተብሎ ተከሰሰ። ማታውኑ ባለ እርሻው ምዝገባሽን ካልሰረዝሽ ውጪ አላቸው፤ እሳቸውም ልመዘገብ የሞከርኩት ለራሴ ነው ብለው መለሱ፤ ከ18 ዓመት ሥራ በኋላ በዚያው ሌሊት ለቀው ወጡ። በቀጣዩ ዓመት ጁን ላይ ዊኖና እስር ቤት የደረሰባቸውን ድብደባም በዚያው ድምፅ፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይናገራሉ። «እኛ» መጀመሪያ ላይ አሥራ ስምንቱ ተጓዦች ናቸው፤ ቀጥሎ ጠቦ ጠቦ «እኔ» ይሆናል፤ በእስር ክፍሉ ውስጥ አንዲት ሴት ብቻ ትቀራለች። መዝጊያው ላይ «እኛ» ተመልሶ ይመጣል፤ ይህ ሁሉ የደረሰብን ሙሉ ዜጋ ለመሆን ስለፈለግን ነው ይላሉ፤ ከዚያም ወንበሩ ካልተሰጠን አሜሪካን እጠራጠራለሁ ብለው አገሪቱን ራሷን ይጠይቃሉ። ያ ጥያቄ በመግቢያው ላይ ቢመጣ ኖሮ መፈክር ይሆን ነበር። ስምንት ደቂቃ ያህል የምስክርነት ቃል ስለቀደመው ግን ማንም ሊያጣጥለው አልቻለም።

ፕሬዚዳንት ጆንሰን በምስክርነቱ መሐል ድንገተኛ ጋዜጣዊ መግለጫ ጠርተው ካሜራዎቹን ወደ ራሳቸው መለሱ። ጣቢያዎቹ ግን ቅጂውን ማታ አቀረቡት፤ ተመልካቹም በዛ። አንድን ንግግር ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለማወቅ ከፈለጋችሁ፣ ማን ሊያቋርጠው እንደሞከረም ጠይቁ።

ወደ ግጥም እንለፍ። የኛ ሰው ግጥም ሲሰጡት ሰሙን ገፍፎ ወርቁን ፍለጋ ይገባል፤ ልጆቹንም እንደዚያው ያሰለጥናል። ላንግስተን ሂዩዝ ዘንድ ይህ ብዙ አያዋጣም። በ1951 የታተመው «ሃርለም» የተባለው አጭር ግጥሙ የሚደብቀው የለም። ሲተላለፍ የኖረ ሕልም ምን ይሆናል ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱንም በጥያቄ ያቀርባል። ፀሐይ ላይ የደረቀ ዘቢብ፣ የሚመግል ቁስል፣ የሸተተ ሥጋ፣ ስኳር የጋገረበት ጣፋጭ። በመካከል አንድ ብቻ ጥያቄ ያልሆነ ዓረፍተ ነገር አለ፤ እሱም «ምናልባት» ብሎ የሚጀምር፣ ስለ ከባድ ሸክም የሚናገር ነው። ከዚያ ባዶ ቦታ፤ ከዚያ የመጨረሻዋ ስንኝ፤ ፍንዳታ።

እስከዚያ ድረስ ያሉት ምስሎች በሙሉ «እንደ» ይላሉ። የመጨረሻዋ ስንኝ «እንደ»ን ጥላዋለች። ማነጻጸሩ አብቅቷል፤ ነገሩ ራሱ መጣ። ተማሪው ይህን ልዩነት ካየ በኋላ የተነጻጻሪና የተለዋጭ ዘይቤን ስም ብትነግሩት አይረሳውም፤ ከማየቱ በፊት ብትነግሩት ለፈተና ሸምድዶ ይረሳዋል። ግጥሙ ውስጥ «እኛ» የሚል የለም። ጠያቂው ማን ነው? ተጠያቂውስ? ሃርለም በ1935ና በ1943 በሁከት የተናወጠ ሰፈር ነው፤ የ1951 አንባቢ የመጨረሻዋን ስንኝ ሲያነብ ሊሆን ስለሚችል ነገር ብቻ አልነበረም የሚያስበው።

ግዌንዶሊን ብሩክስ ደግሞ «እኛ»ን ወስዳ ጫፍ ላይ ሰቅላዋለች። በ1950 ከጥቁር አሜሪካውያን ለመጀመሪያ ጊዜ የፑሊትዘርን ሽልማት ያገኘች የቺካጎ ገጣሚ ናት። «ዊ ሪል ኩል» የተባለው ግጥሟ ስምንት ስንኝ ብቻ ነው፤ ከትምህርት ቤት ቀርተው ፑል የሚጫወቱ ሰባት ወጣቶች ይናገሩበታል። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር «እኛ» ብሎ ይጀምራል፤ እሷ ግን ስንኙን የቆረጠችው እዚያው ቃሉ ላይ ነው። «እኛ» የስንኙ ጅራት ሆኖ ይንጠለጠላል፤ አንባቢው ትንፋሽ ይወስዳል፤ ግሡ ከታች ይመጣል። ብሩክስ ቃሉ ለስለስ ተደርጎ እንዲነበብ ትፈልግ ነበር፤ ልጆቹ ስለ ራሳቸው እርግጠኛ አይደሉምና። የመጨረሻው ስንኝ ላይ ስትደርሱ «እኛ» የለም። ስለ ሞት የሚናገረው ስንኝ እሱ ነው። ለተማሪ ይህን አትንገሩት። ጮክ ብሎ ሁለት ጊዜ ያንብበውና ምን እንደጎደለ ራሱ ይድረስበት።

አንድ ነገር ደግሞ የኛን ልጆች በተለይ ይመለከታል። ብዙዎቹ ስለዚህ ዘመን ሲጽፉ «እነሱ» ይላሉ፤ እነሱ ተጨቆኑ፣ እነሱ ታገሉ። ከኢትዮጵያ የመጣ ቤተሰብ ልጅ እንዲህ ቢጽፍ አይገርምም። ጥቂት ነገር ግን ይወቅ። የመራጭነት መብት ሕጉ ኦገስት 6 ቀን 1965 ተፈረመ፤ በየአገሩ ተወላጅነት የተመሠረተውን የስደተኞች ኮታ ያስቀረው ሕግ ደግሞ ያው ኮንግረስ አጽድቆት ኦክቶበር 3 ቀን 1965 ተፈረመ። ብዙዎቻችን ወይም ወላጆቻችን የገባንበት በር የተከፈተው ያኔ ነው። ወደ ኋላ ስንሄድ ደግሞ በ1935፣ ጣሊያን ኢትዮጵያን ሊወር ሲሰናዳ፣ ሃርለም ውስጥ ሰው ለኢትዮጵያ ሰልፍ ይወጣ ነበር፤ ያው ሂዩዝም በዚያው ዓመት «ኮል ኦቭ ኢትዮጵያ» የተባለውን ግጥም ጻፈ። ልጁ ታዲያ «እኛ» ይበል? እኔ አላስገድደውም። የሄመርን ድብደባ ያልቀመሰ ሰው «እኛ» ሲል የሚቆረቆር አለ፤ ትክክልም ነው። ነገር ግን ጽሑፉ ውስጥ «እነሱ» ወይም «እኛ» ብሎ የመረጠበትን ምክንያት አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ያኔ የኪንግን ምርጫ ባየበት ዓይን የራሱንም አየ ማለት ነው።

ለመምህራን፤ ሁሉንም በአንድ ክፍለ ጊዜ ለማዳረስ አትሞክሩ። የቼኩ አንቀጽ ብቻውን አርባ ደቂቃ ይበቃዋል። ጽሑፉን ከማደላችሁ በፊት ድምፁን አሰሙ። ወረቀቱ ሲታደል እርሳስ ብቻ ይያዝ፤ «እኛ»ን ይክበቡ፤ አጠገቡ እነማን እንደሆኑ ይጻፉ። የስልት ስም የሚመጣው በመጨረሻው አምስት ደቂቃ ነው፤ ባይደርስም ግድ የለም፣ በሚቀጥለው ይደርሳል።

ለተማሪዎች የሳምንቱ ሥራ የሚከተለው ነው። የወይዘሮ ሄመርን ምስክርነት ድምፁን ፈልጋችሁ ወረቀት ሳትይዙ አዳምጡ። ከዚያ ጽሑፉን አንብቡና «እኔ» ወደ «እኛ» የሚመለስበትን ቦታ ፈልጉ። ለምን እዚያ ላይ? አንድ ገጽ ጻፉ፤ ተአማኒነት፣ ስሜት፣ አመክንዮ የሚሉትን ሦስት ቃላት ሳትጠቀሙ። ወላጆች በአማርኛ ቢያወሩላቸው ጥሩ ነው፤ ልጁ በእንግሊዝኛ ይጽፈዋል። በሚቀጥለው ሳምንት ከደረሱን ጽሑፎች ጥቂቶቹን እናነባለን፤ የማልኮም ኤክስንም የኤፕሪል 1964 የክሊቭላንድ ንግግር ይዘን እንቀርባለን። እሱ «እኛ» ሲል ደግሞ ሌላ ጉድ ነው።



(መዝጊያ ሙዚቃ)